ድምፅን መቀነስ እንደ ድርሰት፦ ኪንግ ተቢ፣ ቤዝ እና የኪንግስተን ጠባብ ስቱዲዮ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ በታሪክ ትምህርት ክፍላችን ብዙ ጊዜ የሚነሣ አይደለም። እኛ የታሪክ ሰዎች የለመድነው ማስረጃ በወረቀት ላይ የሰፈረው ነው፤ ደብዳቤ፣ ዜና መዋዕል፣ የፍርድ ቤት መዝገብ። የቃል ትውፊትን ስንቀበልም የምንሻው ቃሉን ነው። ዛሬ ይዤ የቀረብሁት ማስረጃ ግን ቃሉ ሆን ተብሎ የተነሣለት ሙዚቃ ነው፤ በ1970ዎቹ በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን «ደብ» በሚል ስም የጸናው አሠራር። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚያቀናብር ወጣት ቤዙን አወፍሮ ከፊት ሲያስቀምጥ፣ አንድን ድምፅ በማሚቶ ሲያርቀው፣ ባዶ ስፍራን እንደ ድባብ ሲጠቀምበት፣ ብዙውን ጊዜ ሳያውቀው የሚሠራው በዚያ ከተማ በተፈተነ ዘዴ ነው።

ሁለት ነገሮችን ለማስረዳት እሞክራለሁ። አንደኛው፣ ይህ ዘዴ ከምን ዓይነት ኑሮና ከምን ዓይነት ዕቃ እንደ ተወለደ ነው። ሁለተኛው፣ ሥራው የማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው፤ ይህ ጥያቄ ወደ እኛም አገር ስለሚደርስ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጃማይካ ከብሪታንያ ነጻ የወጣችው በ1962 ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1950ዎቹ፣ የኪንግስተን ድሀ ሰፈሮች ሕዝብ ሙዚቃ የሚሰማውና የሚጨፍረው በየሜዳውና በየግቢው በሚተከል «ሳውንድ ሲስተም» ነበር። ይህም ሸክላ ማጫወቻ፣ አምፕሊፋየርና ቁም ሣጥን የሚያክሉ ስፒከሮች ማለት ነው። ባንድ መቅጠር ውድ ነበር፤ ሸክላ ማጫወት ግን በአንድ የጭነት መኪና ዕቃ ይቻላል። የሳውንድ ሲስተም ባለቤቶች ስለ ደንበኛ ይፎካከሩ ነበር። የፉክክሩም መለኪያ ሁለት ነበር፤ ሌላው ዘንድ የሌለ ሸክላ መያዝ፣ እና ከሌላው የበለጠ ወፍራም ድምፅ ማውጣት።

ወፍራም ድምፅ ለምን? እዚህ ላይ ትንሽ ፊዚክስ ይፈቀድልኝ። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የዚያ ድምፅ ማዕበል በአየር ውስጥ ከ8 ሜትር በላይ ርዝመት አለው። ጆሮአችን ለእንዲህ ያለው ዝቅተኛ ድምፅ ደካማ ስለሆነ፣ እኩል ጎልቶ እንዲሰማን ከቀጭኑ ድምፅ እጅግ የበለጠ ኃይል ይጠይቃል። ኃይሉ ሲሰጠው ግን በጆሮ ብቻ አይሰማም፤ ደረትና ሆድ ይቀበሉታል፤ በግንብም አልፎ ከሩቅ ሰው ይጠራል። ስለዚህ በክፍት ሜዳ ለሚጫወት ሰው ቤዝ ማስታወቂያውም ገበያውም ነበር። የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያውቅ፣ አምፕሊፋየር በእጁ የሚገጥም ሰው በዚህ ዓለም ትልቅ ዋጋ ነበረው።

ኦስበርን ራዶክ፣ በሙያ ስሙ ኪንግ ተቢ፣ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። በ1941 ኪንግስተን ውስጥ ተወለደ። ኑሮውን የጀመረው ሬድዮና የኤሌክትሪክ ዕቃ በመጠገን ነው፤ በኋላም «ሆም ታውን ሃይ ፋይ» የተባለውን የራሱን ሳውንድ ሲስተም አቆመ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ለትሬዠር አይል ስቱዲዮ ባለቤት ለዱክ ሪድ ሸክላ ቀራጭ ሆኖ ሠራ። ይህ የመጨረሻው ሙያ ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል ይገባዋል። ሸክላ የሚቀርጽ ሰው ድምፅን በዓይኑ ያያል። ወፍራም ድምፅ መርፌውን ወዲያና ወዲህ አብዝቶ ስለሚያወዛውዘው ሰፊ መስመር ይበላል፤ ሳይመጠን ከተቀረጸ መስመሮቹ እርስ በርስ ይነካካሉ ወይም መርፌው ይዘላል። እንግዲህ ተቢ ቤዝ ስፍራ የሚይዝና ስፍራ ሊዘጋጅለት የሚገባ ነገር መሆኑን የተማረው ከዕለት ሥራው ነው።

በዚያው ዘመን ሌላ ልማድ ተጀመረ። የዘፈኑ ድምፅ ተነሥቶ የሙዚቃው አጃቢ ብቻ የተቀረጸበት ሸክላ በጭፈራ ቦታ ሲጫወት ሕዝቡ ግጥሙን ራሱ ይዘፍን ጀመር። ይህ «ቨርዥን» ተባለ፤ ብዙም ሳይቆይ የሸክላዎች ሁለተኛ ገጽ የቨርዥን መኖሪያ ሆነ። እንደ ዩ ሮይ ያሉ አዋጅ ነጋሪዎችም ዘፋኙ በለቀቀው ስፍራ ላይ በማይክሮፎን ይናገሩ፣ ይቀልዱ፣ ያሞግሱ ነበር። ለነጋዴው ቨርዥን ቁጠባ ነበር፤ በአንድ ቅጂ ሁለት ገጽ ይሸጣል። ለተቢ ግን ክፍት በር ሆነለት።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተቢ ዋተርሃውስ በተባለው ሰፈር፣ በድሮሚሊ ጎዳና ባለው ቤት ውስጥ ትንሽ ስቱዲዮ አደራጀ። ክፍሉ ለባንድ አይበቃም፤ ዘፋኝ የሚቀዳውም መታጠቢያ ቤት በነበረው ጠባብ ስፍራ ነበር። ሙዚቀኞቹ በሌላ ስቱዲዮ ይጫወታሉ፤ ቴፑ ወደ እርሱ ይመጣል። ሚክሰሩን ዳይናሚክ ሳውንድስ ከተባለው ትልቅ ስቱዲዮ ገዛው። ሙዚቃው በአራት መስመሮች ብቻ የተቀዳ ነበር፤ እንደ ነገሩ ሁኔታ ከበሮው በአንዱ፣ ቤዙ በሌላው፣ ጊታርና ኪቦርዱ በሦስተኛው፣ ድምፁ በአራተኛው። አራት መስመር ለአራት ጣት ይበቃል። የተቢ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ እኔም በሦስት ተግባራት ከፍዬ አየዋለሁ።

የመጀመሪያው መቀነስ ነው። ቴፑ እየዞረ ሳለ ጊታሩን ድንገት ይዘጋዋል፤ ዘፋኙን ከአንድ ቃል በኋላ ያስቀረዋል፤ ከበሮና ቤዝ ብቻ እስኪቀሩ ድረስ ይቀንሳል። በሚክሰሩ ላይ ወፍራሙን ድምፅ በደረጃ የሚቆርጥ ማጣሪያ ነበር፤ ከ70 ኸርዝ ጀምሮ እስከ 7,500 ኸርዝ ይደርሳል። ባለሙያዎቹ «ትልቁ ማዞሪያ» ይሉታል። ተቢ ሲያዞረው ድምፁ እየሳሳ፣ እየቀጠነ፣ የሻሻታ ያህል ብቻ ይቀራል።

ሁለተኛው ጥላ ማበጀት ነው። ማሚቶውን የሚፈጥረው በቴፕ ነው፤ አንዱ ራስ የቀዳውን ሌላው ራስ ጥቂት ቆይቶ ያነበዋል። ለምሳሌ ቴፑ በሴኮንድ 19 ሳንቲ ሜትር ቢጓዝና በሁለቱ ራሶች መካከል 5 ሳንቲ ሜትር ቢኖር፣ ማሚቶው ከሩብ ሴኮንድ ጥቂት ዘግይቶ ይመጣል ማለት ነው። የተመለሰው ድምፅ እንደ ገና ሲላክ አንድ ቃል እየደበዘዘ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። የሰፊ አዳራሽ ጉምጉምታ የሚያወጣው ደግሞ በውስጡ ጠመዝማዛ ሽቦ ባለው ዕቃ ነበር። ተቢ አንዳንድ ጊዜ ዕቃውን በእጁ ይመታዋል፤ ሽቦው ሲናወጥ የነጎድጓድ ድምፅ ይሰማል። ጠባቡ ክፍል በሸክላው ላይ ገደልና ሸለቆ የሚመስለው በዚህ ነው።

ሦስተኛው መመለስ ነው። የተነሣው ቤዝ በትክክለኛው ምት ላይ ሲመለስ ሰውነት ከጆሮ ቀድሞ ይቀበለዋል። የመቀነሱ ሁሉ ትርጉም የሚገለጠው በዚህች ቅጽበት ነው። ቤዙ ሳይነሣ ቢቆይ ኖሮ አድማጩ ለምዶት አይሰማውም ነበር።

ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም። በቤተ ክርስቲያናችን ማሕሌት ዜማው በመጀመሪያ በቁም ይባላል፤ ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ከበሮውና ጽናጽሉ በሙሉ ኃይል የሚገቡት በኋላ ነው። ከበሮው ሲገባ የሚሰማን ሙቀት በፊት ከነበረው መታገሥ የሚመጣ ነው። በገናም ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። አሥሩ ክሮች የሚነዝሩት እንዚራ የሚባሉት ትንንሽ ቆዳዎች በክሩና በብርኩማው መካከል ስለሚገቡ ነው። ደርዳሪው ዜማውን ብቻ ሳይሆን የድምፁን ጠባይ ራሱ ያበጃል። እነዚህን የማነሣው ለማነጻጸር ነው፤ ደብ ከእኛ ተወሰደ ለማለት አይደለም።

በዚህ ነጥብ ላይ ጠንቀቅ ማለት እወዳለሁ፤ ኢትዮጵያና ጃማይካ ሲነሡ ብዙ የተጋነነ ነገር ይነገራልና። ግንኙነቱ እውነተኛ ነው። የራስ ተፈሪያን እምነት ከ1930ዎቹ ጀምሮ አለ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሚያዝያ 21 ቀን 1966 ኪንግስተን ሲገቡ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተቀብሏቸዋል። አውገስተስ ፓብሎ የተባለው ሜሎዲካ ተጫዋች፣ እርሱም ራስ ተፈሪያን፣ አንዱን አልበሙን በዓባይ ወንዝ ስም ሰይሞታል። ነገር ግን በዚያ ሙዚቃ ውስጥ ኢትዮጵያ የምትገኘው እንደ ስም፣ እንደ ተስፋና እንደ ናፍቆት ነው፤ ትዝታን ወይም አንቺ ሆዬን ፈልገን ብንሰማ አናገኛቸውም። ናፍቆትም የታሪክ ማስረጃ ነው፤ ከቅኝት ዝምድና ጋር ግን መምታታት የለበትም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ። የፓብሎና የተቢ ዝነኛ ሥራ የጃኮብ ሚለር ዘፈን ደብ ነው። ዘፋኙ ሌላ፣ ቤዝና ከበሮ የተጫወቱት ሌሎች፣ የቅጂው ባለቤት ፓብሎ፣ በሚክሰሩ ላይ የተቀመጠው ተቢ። ሸክላው የማን ነው? በ1976 የወጣው አልበም በርእሱ ላይ የተቢን ስም ከፍ አድርጎ ይዟል። አንድ የድምፅ ባለሙያ፣ የዕቃ ጠጋኝ ልጅነት ያለው ሰው፣ በሽፋን ላይ እንደ ደራሲ ሲጠራ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። በሌላ በኩል የቤዙን መስመር የፈጠሩት ተጫዋቾች ብዙ ጊዜ የሚከፈላቸው የዕለት ዋጋ ነበር፤ ያ መስመር ግን በሌሎች ዘፈኖች ሥር ለዓመታት ይመላለስ ነበር። የቅጂ መብት ሕግ ዜማንና ግጥምን ለማወቅ የተሠራ ነውና ቤዝን፣ ማሚቶን፣ ዝምታን የሚመዝንበት ሚዛን አልነበረውም።

ጥያቄው የእኛም ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1996 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የሥራ አመንጪውን፣ ከዋኙን፣ የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰሩንና የብሮድካስት ድርጅቱን ያውቃል። በሚክሰሩ ፊት የተቀመጠውን ሰው ግን ለብቻው ለይቶ አይጠራውም። እኔ ዘንድ ካሉት አሮጌ ካሴቶች በብዙዎቹ ሽፋን ላይ የዘፋኙ፣ የግጥምና የዜማ ደራሲዎቹ፣ የአቀናባሪውም ስም አለ፤ የቀራጩ ስም የለም። የዚያ ዘመን ድምፅ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ተመራማሪ ዋናውን ምስክር በስም አያውቀውም ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን በአጭሩ ልናገር። በ1985 የተቢ ተማሪ የነበረው ጃሚ፣ ካሲዮ በተባለች ትንሽ ኪቦርድ ውስጥ ተዘጋጅቶ በነበረ ምት ላይ ዌይን ስሚዝ የዘፈነውን «ስሌንግ ቴንግ» አወጣ፤ ቤዝ ተጫዋች አላስፈለገም። በዚያው ዓመት በዋሽንግተን ኃይሉ መርጊያ አኮርዲዮን፣ ኪቦርዶችና የከበሮ ማሽን ይዞ «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ብቻውን ሠራ። አንዱ ከሌላው አልቀዳም፤ ሁለቱም ጋ አንድ ሰው በኤሌክትሪክ ዕቃ የባንድን ስፍራ መሙላት መቻሉ ግን የአንድ ዘመን ምልክት ነው። ተቢ በየካቲት 1989 በመኖሪያ ቤቱ ደጃፍ በጥይት ተገደለ። በ1990ዎቹ የበርሊኖቹ ቤዚክ ቻነል የቴክኖን ምት በደብ ጭጋግ ሸፈኑት፤ በ1995 ለንደን የሚኖረው ማድ ፕሮፌሰር የማሲቭ አታክን አልበም ደብ አደረገው፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከደቡብ ለንደን ደብስቴፕ ወጣ። በ2008ም ደብ ኮሎሰስ የተባለው ቡድን ከኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞች ጋር የሠራውን አልበም በአዲስ አበባ ስም አሳተመ። ስለዚህ ደብ ወደ እኛ የመጣው በሎንዶን በኩል ዞሮ ነው።

ለተማሪዎቼ አንድ ሥራ ልስጥና ልጨርስ። በከተማችን ሸክላና ካሴት የቀረጹ፣ አምፕሊፋየር የጠገኑ፣ ለሠርግና ለምሽት ክበብ ስፒከር የተከሉ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ፤ እድሜአቸው ግን ገፍቷል። የያዙት ቴፕም በሙቀትና በሻጋታ እየተበላ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ሁሉ ከእነርሱ አንዱን አግኝታችሁ ምን ዕቃ ነበረህ፣ ከዘፈኑ ምን ቀነስህ፣ ለምንስ ቀነስህ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ስትጽፉ ከዘፋኙ ስም አጠገብ የእርሱንም ስም አስፍሩ።