ከእህል ወደ ሰው፦ «አፈሰ» የተባለው ግስ ታሪካዊ ጉዞ

በእንግሊዝኛ ፖሊስን «ኮፕ» የሚያሰኘው ቃል መያዝን ከሚያመለክት የመንደር ግስ ጋር ይዛመዳል፤ ያው ግስ ዛሬ በአሜሪካ የጎዳና አነጋገር ዕቃ ማግኘትንም ይገልጻል። በአማርኛም መያዝና ማግኘት በአንድ ቃል ተገናኝተዋል፤ ቃሉ ግን የያዡ ስም ሳይሆን የድርጊቱ መጠሪያ ነው፦ «አፈሰ»።

የግሱ መነሻ አውድማና ጓዳ ነው። እህል በእጅ ይታፈሳል፤ «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» የሚለው ተረትም በዚሁ ፍቺ ላይ የቆመ ነው። ከዚያ ቃሉ ወደ ሀብት ተሻገረ፤ ነጋዴ ትርፍ፣ ሯጭ ሜዳሊያ «ያፍሳል»። የከተማ ወጣት «ላፍ አደረገ» ሲል አንድን ነገር ድንገት መንጠቅን ያመለክታል፤ «አፈሰ» ግን ሳይቆጥሩና ሳይመርጡ መሰብሰብን ነው።

ቃሉ በሰው ላይ የጠነከረው በደርግ ዘመን ነው። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ዜጎችን ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት ግዴታ አስገባ። ጦርነቱ እየበረታ ሲሄድ ወጣቶች ከገበያ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያና ከየመንገዱ ይሰበሰቡ ጀመር። መንግሥት «ምልመላ» ያለውን ሕዝቡ «አፈሳ» አለው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላም ቃሉ አልጠፋም፤ ፖሊስ ሰዎችን በጅምላ ሲይዝ እስከ ዛሬ ይነገራል።

በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት የስም ብቻ አይደለም። «ተያዘ» ሲባል «ማን? በምን ወንጀል?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። «ታፈሰ» ሲባል ግን የሚጠየቀው «ከየት? ስንት ሆነው?» ነው፤ እህል ስም የለውምና። ተናጋሪው ቃሉን ሲመርጥ ድርጊቱን ብቻ አልገለጸም፤ ሰው እንደ ጥሬ መቆጠሩን መስክሯል፣ ፈርዷልም።

ስለዚህ «አፈሳ»ን እንደ ተራ የመንደር ቃል ማለፍ የዘመኑን ታሪክ ማጉደል ይሆናል። የመንግሥት ሰነድ የምልመላውን ደንብ ያቆያል፤ ልጇ ከገበያ ሳይመለስ የቀረባት እናት ድርጊቱን የጠራችበት ስም የሚገኘው ግን በዚህ ቃል ውስጥ ነው። መዝገበ ቃላት አዘጋጆችም ከእህሉ ፍቺ ቀጥለው የሰውን ፍቺ ከነዘመኑ ሊያሰፍሩት ይገባል።