ሰንጋ፣ ቦረና፣ ሀንዱራ፦ የከብት ዘር መዝገብና የቃላቱ ጉዞ

የአፍሪካን ቆላ ተቋቁሞ ሥጋ የሚሰጥ ከብትን በትውልድ መዝገብ ማራባት በአመዛኙ የሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። የሥራው መነሻ ግን አርብቶ አደሩ አስቀድሞ መርጦ ያቆየው ዘር ነበር። ከብቱ ባሕር ሲሻገር ስሙን ይዞ ሄዷል፤ ስሙ ትርጉም ያገኘበት የቋንቋ ሥርዓት ግን አልተከተለውም።

የዚህ ቀዳሚ ምስክር «ሰንጋ» ነው። በአማርኛም በኦሮምኛም ቃሉ የተኮላሸ በሬን ያመለክታል፤ አማርኛው በተለይ ለዕርድ የሰባውን ይለዋል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው የሐበሻ ጉዞ መጽሐፉ ቀንደ ረጃጅሞቹን የኦሮሞ በሬዎች በዚሁ ስም ጠቅሷል። ከዚያ ወዲህ የእንስሳት ሳይንስ ቃሉን የአንድ ታላቅ የአፍሪካ ከብት ወገን መጠሪያ አደረገው፤ የራያና የአፋር ከብቶችም በዚህ ወገን ይመደባሉ። በተወለደበት ቋንቋ ዘር የማይተካውን እንስሳ የሚጠራው ቃል፣ በመዝገብ ላይ የዘር ሐረግ ስም ሆነ።

«ቦረና» ደግሞ ከሕዝብ ስም ወደ ዝርያ ስም ተሻግሯል። ሻኛ ያለው ይህ ከብት ከደቡብ ኢትዮጵያ ወደ ሰሜን ኬንያና ወደ ሶማሌ ምድር ተሰራጭቷል። በኬንያ የሰፈሩ አውሮፓውያን አርቢዎች ድርቅንና ረጅም የውኃ መንገድን መቻሉን አይተው ገዙት፤ ኮርማ እየመረጡም አካሉን አገዘፉ። እ.ኤ.አ. በ1951 የቦረና ከብት አርቢዎች ማኅበር በዚያው ተቋቋመ። በ1990ዎቹ ዘሩ በፅንስ መልክ አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። በኢትዮጵያም በያቤሎ አካባቢ የሚገኘው የዲድ ቱዩራ ማራቢያ ዘሩን በመጠበቅና በማሻሻል ሥራ ይታወቃል።

መዝገቡ የእንስሳውን ቁጥር፣ የልደት ቀን፣ አባትና እናት ይጽፋል። ቦረናም ያለ ጽሑፍ የሚጠብቀው ሐረግ አለው። ለተወለደ ልጅ ጊደር ትሰጠዋለች፤ ስጦታው «ሀንዱራ» ይባላል፤ የቃሉ ፍቺ እምብርት ነው። ከእርሷ የሚወለዱት ሁሉ የልጁ ይሆናሉ፤ ልጁ ሲጎለምስ መንጋው ከአንዲት እናት ይቆጠራል። የወተት ላምን ለችግረኛ በውሰት መስጠት «ደባሬ»፣ ከብት ላለቀበት ወገን አዋጥቶ መንጋ መመለስ «ቡሳ ጎኖፋ» ይባላል። በእነዚህ መንገዶች አንዲት ላም ከበረት በረት ብትሄድም የማን ዘር እንደሆነች በቃል ይታወሳል። የመዝገቡ ትውልድ የከብቱ ብቻ ነው፤ የሀንዱራ ትውልድ ግን የከብቱም የሰውም ነው።

ይህን የቃላት ሀብት ከጎረቤት ቋንቋ ጋር ማነጻጸር ሥሩን ያሳያል። የዋሄን ገበያ በሚገኝባት በሐርጌሳ የሚነገረው ሶማልኛ የቀንድ ከብትን በወል «ሎእ»፣ ላምን «ሰዕ» ይላል፤ ኦሮምኛው «ሎን» እና «ሰአ» ነው። ሁለቱ ጥንዶች የኩሽ ቋንቋዎችን የጋራ ቅርስ ይመሰክራሉ። የአማርኛው «ላም» ግን ከግዕዙ «ላህም» የወረደ ነው። ሶማልኛ የሰውን የዘር ሐረግ «አብቲርሲ» ይለዋል፤ አባት ቆጠራ ማለት ነው። የሀንዱራ መንጋ በአንጻሩ ከእናት ይጀምራል። እንግዲህ አጠቃላይ ስሞቹ የጋራ ሆነው፣ ትውልድ የሚቆጠርበት ቃል ግን እያንዳንዱ ማኅበረሰብ ስለ ዝምድና ያለውን አሳብ ይከተላል።

ዛሬ አደጋው ያለው በዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 እና ከ2020 በኋላ የተከታተሉት ድርቆች በቦረና እጅግ ብዙ ከብት ፈጅተዋል። መንጋ ሲያልቅ በግዢ ሊተካ ይችላል፤ የተገዛችው ጊደር ግን የማንም ሀንዱራ አይደለችም። ዘሩ በሩቅ አገር መዝገቦች ሊተርፍ ይችላል፤ የእናቶቹ ሐረግ ግን ከሚያስታውሱት ሰዎች ጋር ያልፋል። ስለዚህ ዝርያ ጠባቂው ኮርማውን ሲመዘግብ፣ የቋንቋ አጥኚው ያቺን ላም ለማን እንደተሰጠች፣ ከማን እንደተወለደችና በምን ቃል እንደምትጠራ አብሮ ቢመዘግብ መዝገቡ ሙሉ ይሆናል።