ደም ስለ ሕመም ምን ይመሰክራል?

በግንደ በረት ወረዳ ዋና ከተማ በካቺሲ አንድ ሰው ሽንቱ እያቃጠለው፣ ጎኑንም እየወጋው በትኩሳት ወደ ሐኪም ቢቀርብ፣ ሐኪሙ ሁለት ጥያቄ ይገጥመዋል። ሕመሙ ምንድን ነው? በሽተኛውስ እዚሁ ይታከም ወይስ ሳይመሽ ወደ አምቦ ይላክ? ለፊተኛው የሽንት ምርመራ ይበቃል፤ ለኋለኛው ግን ሽንት ብዙ አይናገርም። በፊኛ የተወሰነ ሕመም ቀላል ነው። ጀርሙ ወደ ኵላሊት ወጥቶ፣ ይልቁንም ጠጠር መንገዱን በዘጋበት ጊዜ፣ ወደ ደም የገባ እንደ ሆነ ግን ሐኪሞች ሴፕሲስ የሚሉት የደም መመረዝ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። የደም ግፊት እስኪወድቅ መጠበቅ መዘግየት ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ የሚመሰክር ምልክት ከደም ውስጥ ሲፈለግ ኖሯል።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1843 ሼረር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በወሊድ ትኩሳት ከሞቱ ሴቶች ደም ውስጥ ላክቲክ አሲድ አገኘ። በ1930 ቲሌትና ፍራንሲስ ኒውዮርክ ውስጥ የሳንባ ምች ከያዛቸው ሰዎች ደም ሲ ሪአክቲቭ ፕሮቲን የተባለውን ለዩ። በ1993 ደግሞ የፈረንሳይ ሐኪሞች ፕሮካልሲቶኒን በባክቴሪያ ሕመም ጊዜ በደም ውስጥ እጅግ ከፍ እንደሚል አሳወቁ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አዲስ አበባም ድርሻ አላት፤ ይህም በሚገባው መጠን ሲነገር አንሰማም። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ትኩሳት የያዘው ሰው ፔኒሲሊን በተወጋ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይንዘፈዘፋል፣ ትኩሳቱ ይንራል፣ ኋላም የደም ግፊቱ ይወርዳል። ነገሩ የደም መመረዝን ይመስላል፤ መቼ እንደሚጀምር አስቀድሞ ስለሚታወቅ ግን ለተመራማሪ እጅግ የተመቸ ነው። በ1992 በወጣው ጥናት የእነዚህ በሽተኞች ደም ተቀድቶ ሲለካ፣ ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 6 እና ኢንተርሉኪን 8 ከመንዘፍዘፉ ጋር አብረው ሲያሻቅቡ ታየ።

ንጥረ ነገሩ ተመልካች ነው ወይስ አድራጊ? ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቻቸው በ1996 ባወጡት ጥናት፣ ከበግ የተዘጋጀ ቲኤንኤፍን የሚያመክን መድኃኒት ከፔኒሲሊኑ በፊት ሰጡ። መድኃኒቱን ካገኙት 20 በሽተኞች 10ሩ ብቻ ሲንዘፈዘፉ፣ ካላገኙት 29 ግን 26ቱ ተንዘፈዘፉ። በእኛ አስተያየት ከሁሉም የሚልቀው ማስረጃ ይህ ነው፤ ደሙ የጥፋቱን ወሬ ብቻ ሳይሆን ጥፋተኛውንም ይዞ ተገኘና።

ወደ ሽንት ሕመም ስንመለስ፣ ፕሮካልሲቶኒን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ስለሚጨምር ከሲ ሪአክቲቭ ፕሮቲን ይቀድማል። ነገር ግን ወባም ከፍ ያደርገዋል፤ ከዐባይ ቆላ ወደ ካቺሲ ለሚወጣ በሽተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቲኤንኤፍ ደግሞ ቶሎ ታይቶ ቶሎ ይጠፋል። ላክቲክ አሲድ የትኛው ጀርም እንደ ገባ ባይናገርም፣ ዛሬ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ይለካል። በጥቂት ሰዓት ልዩነት ደግመው ሲለኩት መውረዱ ወይም መውጣቱ ከአንድ ጊዜ ቍጥር ይልቅ ብዙ ይናገራል።