ኮምፒውተርዎ ሲያንቀላፋ ፍላሽዎን አይንቀሉ

የላፕቶፕ ክዳን ሲታጠፍ ማሽኑ የጠፋ ይመስላል። ሆኖም ‘ስሊፕ’ በሚባለው የእንቅልፍ ሁኔታ ላይ ያለ ኮምፒውተር የተከፈቱ ፋይሎችን፣ በተሰካው ፍላሽ ላይ ያሉትን የፋይሎች ዝርዝር ጭምር፣ በራም ይዞ ይቆያል። ፍላሹን ገና አልለቀቀውም።

ወደ ፍላሽ የተላከ ፋይል ‘ተቀድቷል’ ከተባለ በኋላም በራም ሊዘገይ ይችላል። ማይክሮሶፍት እአአ በ2018 ባወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ይህን አሠራር ለተነቃይ ማከማቻዎች የመነሻ ምርጫ ማድረጉን ትቷል፤ በሊኑክስ ግን የተለመደ ነው።

የከፋው ጥፋት የሚደርሰው ፍላሹ ከተኛው ኮምፒውተር ተነቅሎ፣ በሌላ ማሽን ከተጻፈበት በኋላ ወደ ቦታው ሲመለስ ነው። የነቃው ኮምፒውተር የሚያስታውሰው የቀድሞውን ዝርዝር በመሆኑ በአዲሶቹ ፋይሎች ላይ ደርቦ ሊጽፍ ይችላል። የመመረቂያ ጽሑፉን በአንድ ፍላሽ ብቻ ይዞ ከፎቶ ኮፒ ቤት ፎቶ ኮፒ ቤት ለሚዞር ተማሪ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። በራም ያለው ሁሉ ወደ ዲስክ ተገልብጦ ኃይል ሙሉ በሙሉ የሚቋረጥበት ‘ሃይበርኔት’ም ከዚህ አያድንም። በፍላሾች ላይ የተለመዱት ፋት32 እና ኤክስፋት የተሰኙት የፋይል አደረጃጀቶች የለውጥ መዝገብ ስለማይይዙ የተበላሸውን ማስተካከል ይከብዳል።

ስለዚህ ክዳኑን ከማጠፍዎ በፊት ፋይሎቹን ይዝጉ፤ በዊንዶውስ ‘ሴፍሊ ሪሙቭ ሃርድዌር’፣ በማክ ‘ኢጀክት’ የሚለውን ይጫኑ። ረስተው ከሆነ ፍላሹን ሳይነኩ ኮምፒውተሩን ያንቁና በዚያው መንገድ ያስወጡት። ሲነቃ ፍላሹ ‘ፎርማት’ ይደረግ ወይ ብሎ ከጠየቀ አይስማሙ፤ ምንም ሳይጽፉበት ያስወጡትና በሌላ ኮምፒውተር የሚነበበውን ሁሉ ይገልብጡ።