ፖል ጋርበር

ፖል ጋርበር (ኦገስት 31 ቀን 1899 – ሴፕቴምበር 23 ቀን 1992 እ.ኤ.አ.) በዋሽንግተን ዲሲ የሚገኘው የስሚሶኒያን ብሔራዊ የአየርና የጠፈር ሙዚየም የመጀመሪያው የክምችት ኃላፊ የነበሩ አሜሪካዊ ናቸው። ከሥራዎቻቸው ዋነኛው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ታሪካዊ የጦር አውሮፕላኖች ማከማቻ ባጡበት ወቅት መጠለያ ማዘጋጀታቸው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የመጀመሪያ ዓመታት

ጋርበር የተወለዱት በአትላንቲክ ሲቲ፣ ኒው ጀርሲ ነው። በ1909 በልጅነታቸው ኦርቪል ራይት በፎርት ማየር፣ ቨርጂኒያ፣ ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት የተሠራውን አውሮፕላን ሲያበር ተመለከቱ። ይህ የዓለም የመጀመሪያው የጦር አውሮፕላን በ1911 ለስሚሶኒያን የተሰጠ ሲሆን፣ በኋላ እሳቸው ከሚጠብቋቸው ቅርሶች አንዱ ሆነ።

በስሚሶኒያን

በ1920 በስሚሶኒያን ተቀጥረው ለእይታ የሚቀርቡ ዕቃዎችን መጠገንና ማዘጋጀት ጀመሩ። በ1927 ቻርልስ ሊንድበርግ አትላንቲክን ብቻውን ባቋረጠበት ሰሞን፣ አውሮፕላኑን ለተቋሙ እንዲሰጥ የሚጠይቅ ቴሌግራም እንዲላክለት ያደረጉት ጋርበር ናቸው። አውሮፕላኑም በ1928 ገባ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በባሕር ኃይል አገልግለዋል፤ ለተኩስ ልምምድ ዒላማ የሚሆን፣ ከመሬት የሚመራ ካይትም ፈጥረዋል።

ኦገስት 12 ቀን 1946 ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ብሔራዊ የአየር ሙዚየምን የሚያቋቁመውን ሕግ ፈረሙ። ሆኖም ሙዚየሙ የራሱ ሕንፃ አልነበረውም። ዋነኛው ማሳያው ከስሚሶኒያን ዋና ሕንፃ ጀርባ የቆመ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የቀረ የብረት ሼድ ነበር።

ፓርክ ሪጅና ሲልቨር ሂል

ከጦርነቱ በኋላ ጄኔራል ሄንሪ አርኖልድ፣ የጠላት ጦር አውሮፕላኖች ጭምር ከየዓይነቱ ለሙዚየም እንዲቀመጡ አዘዙ። ብዙዎቹ በፓርክ ሪጅ፣ ኢሊኖይ፣ በቀድሞ የአውሮፕላን ፋብሪካ ተከማቹ። የኮሪያ ጦርነት ሲጀመር ግን አየር ኃይሉ ሕንፃውን ለሥራው ፈለገው፤ ስብስቡም ሌላ ቦታ ካልተገኘለት የመበተን አደጋ ተደቀነበት።

ጋርበር በሱትላንድ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ሂል በተባለ ሥፍራ 21 ኤከር (8.5 ሄክታር ገደማ) ደን አገኙ። ደኑ ተመንጥሮ ተገጣጣሚ የብረት ሕንፃዎች ተተከሉበት፣ አውሮፕላኖቹም ተፈታትተው ተጓጓዙ። ከነዚህም መካከል ዛሬ በዓለም ብቸኛ የቀረው አራዶ 234 የተባለው የጀርመን ጄት ቦምብ ጣይ ይገኝበታል።

መጠለያው ለሁሉም አልበቃም። ሂሮሺማ ላይ የአቶም ቦምብ የጣለው ኢኖላ ጌይ ከ1953 እስከ 1960 በአንድሩስ የአየር ኃይል ጣቢያ ሜዳ ላይ ቆሞ ለዝናብ፣ ለወፎችና ለሌቦች ተጋልጧል። በ1960 መፈታታት ከተጀመረ በኋላ ወደ ሲልቨር ሂል ተወሰደ። ዋናው ሙዚየም ለሕዝብ የተከፈተው ጁላይ 1 ቀን 1976፣ ሕጉ ከወጣ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት ስብስቡን ያቆየው በአብዛኛው የሲልቨር ሂል መጋዘን ነበር።

መታሰቢያ

በ1980 የሲልቨር ሂል የጥበቃ፣ የእድሳትና የማከማቻ ጣቢያ በጋርበር ስም ተሰየመ። አራዶ 234 እዚያው ከ1984 እስከ 1989 ታድሷል። አራዶውም ኢኖላ ጌይም ዛሬ የሚታዩት በ2003 በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ በተከፈተው የሙዚየሙ ቅርንጫፍ ነው። ጋርበር በ93 ዓመታቸው ዐርፈው በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ተቀብረዋል።