የፒያሳ ጠባይና የጎረቤቶቿ ነገር

ስለ አዲስ አበባው ፒያሳ ሲጻፍ ቀድመው የሚወሱት ሕንፃዎቹ ናቸው፤ ጣይቱ ሆቴል፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል፣ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ፣ ሰፈሩን ፒያሳ ያሰኘው አቅማቸው የተለያየ ነጋዴዎች ጉርብትና ነው የሚል ነው።

ጉርብትናው አንድ ጊዜ ሆን ተብሎ ፈርሷል። ከጊዮርጊስ ሥር የነበረው የአራዳ ገበያ የከተማዋ ዋና ገበያ ነበር። የፋሺስት አስተዳደር ከተማዋን በዘር ሲከፋፍል የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ አዛወረው። የፒያሳ ቄንጠኛነት ከዚህ በደል ጋር የተያያዘ መሆኑን መርሳት አይገባም። ከነጻነት በኋላ ግን አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ጣሊያኑ፣ ሕንዱና ኢትዮጵያዊው በአንድ መንገድ ነገዱ። ከወርቅ ቤቶቹ፣ ከሲኒማ ቤቶቹና ከማሕሙድ ሙዚቃ ቤት ጥቂት እርምጃ ወረድ ሲሉ የዶሮ ማነቂያ ጠባብ መንደሮች ይገኙ ነበር። ከ1945 ዓ.ም. ጀምሮ ቡና በሚቆላው ቶሞካ ደንበኛው ከፍ ያለውን ጠረጴዛ ከቦ፣ ቆሞ ማኪያቶውን ይጠጣል። ጠበቃውና ተማሪው ትከሻ ለትከሻ ሲገጥሙ ማንም ለማንም ቦታ አይዝም።

የፓሪሱ ሴን ዠርመን ደ ፕሬ ለንጽጽር ይጠቅማል። ፍሎርና ደ ማጎ የተባሉት የደራስያን ካፌዎች ዛሬም አሉ፤ በመካከላቸው የነበረው ላ ዩን መጻሕፍት ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ቦታውን ለሉዊ ቪቶን ለቆ፣ በ2015 ተዘጋ። ሕንፃው ሳይነካ ሰፈሩ ሳሳ።

በ2016 ዓ.ም. የዓድዋ መታሰቢያ በተመረቀ ማግስት ዶሮ ማነቂያ በኮሪደር ልማቱ ፈረሰ። የብዙዎቹ ቤቶች ይዞታ ለኑሮ የማይመች ነበርና መለወጡ ተገቢ ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ ይፈቅዳል፤ ይህ ትልቅ እመርታ ነው። ነገር ግን ካሳው ለተነሺው ይከፈላል እንጂ ልብስ ሰፊውን ከወርቅ ሠሪው፣ ምግብ ቤቱን ከሙዚቃ ቤቱ ጎን አይመልስም። የተበተነ ሰፈር በገንዘብ አይሰበሰብም።

የኮሪደር ልማቱ አዳማ ደርሷል። ጉዳዩ እንደ አቦምሳ ያሉ ትናንሽ ከተሞችንም ይመለከታል። ማዘጋጃ ቤቶቻችን የመንገዱን ስፋት ከመለካታቸው በፊት ማን ከማን አጠገብ እንደሚሠራ ይመዝግቡ፤ ነባሮቹ ነጋዴዎችም በአዲሱ ሕንፃ ምድር ቤት፣ በሚችሉት ኪራይ፣ የመመለስ ቅድሚያ ይሰጣቸው።