48 አማኞችና አንድ የማርቆስ ወንጌል



ሰሞኑን ለጸሎት ወደ እኛ የሚመጡ ሰዎች የሚያነሡት ጉዳይ ዞሮ ዞሮ አንድ ሆኖብናል። ቃሉ ይለያያል እንጂ ጭንቀቱ ያው ነው፦ ነገ እንዴት ይሆናል? አንዱ የቤት ኪራይ ጨምሮበታል፤ አንዷ ልጇ ተመርቆ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ተቀምጧል፤ ሌላው ወላጆቹ ያሉበት አገር መንገድ ተዘግቶበት ድምፃቸውን ከሰማ ሰንብቷል። እኛ መጋቢዎች ነንና ይህ ስጋት አይነካንም ብንል እንዋሻለን። ሌሊት ነቅተን የልጆቻችንን ነገር ስናሰላ የሚነጋብን ጊዜ አለ። ጌታ በማቴዎስ 6 ስለ ነገ እንዳንጨነቅ የተናገረውን ሰጥቶ ሰውን መሸኘት ቀላል ነው። ሰውየው ጥቅሱን ከእኛ በፊት ያውቀዋል።

ስለዚህ ዛሬ ጥቅስ ከመደርደር አንድ ታሪክ እናንሣ። ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። እኛም በሥነ መለኮት ኮሌጅ ሳለን ቁጥሮቹን ለፈተና ሸምድደናል፦ 48 እና 10,000። በየኮንፈረንሱ ቁጥሮቹ ሲጠሩ እልልታ ይቀልጣል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ስላሉት ዓመታት ግን እምብዛም አይነገርም።

በዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚመሩት የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ የተነሡት በ1920 ዓ.ም. ነው። ያሰቡት ጅማ ለመድረስ ነበር፤ ነገር ግን በወላይታ፣ በከምባታና በሲዳማ ቀሩ። (የእኛ ዕቅድ ሲሰናከል የምናለቅሰውን ያህል እነርሱ አልቅሰው ይሆን?) ወላይታ ሶዶ ላይ ሥራ ጀመሩ፤ ቋንቋ ተማሩ፤ በሽተኛ አከሙ፤ አስተማሩ። የመጀመሪያዎቹ 10 አማኞች የተጠመቁት ግን በ1926 ዓ.ም. ነው። ከአምስት ዓመት በላይ ደክሞ አሥር ሰው! የዛሬ ዘመን የሪፖርት ቅጽ ቢሞላበት ሥራው ይዘጋ ነበር ያሰኛል።

ከዚያም ጦርነቱ መጣ። ጣሊያን በመስከረም 1928 ዓ.ም. ወረረ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባን ያዘ። በዚያው ጊዜ ቶም ዴቨርስና ክሊፍ ሚቼል የተባሉ ሁለት ሚስዮናውያን በመንገድ ላይ ተገደሉ። በሚቀጥለው ዓመት በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. በሶዶ የቀሩት ሚስዮናውያን አገር ለቀው እንዲወጡ ተደረገ። ትተውት የሄዱት 48 የተጠመቁ አማኞችን ነው። ከእነርሱም ማንበብ የሚችሉት ጥቂቶች ነበሩ። ከሚስዮናውያኑ አንዱ የነበሩት ሬይመንድ ዴቪስ እንደጻፉት፥ በወላይትኛ የነበራቸው መጽሐፍ የማርቆስ ወንጌልና ከልዩ ልዩ ክፍል የተመረጡ ጥቂት ትንንሽ ጽሑፎች ብቻ ነበር። ዘፍጥረት የለም፤ መዝሙረ ዳዊት የለም፤ ሮሜ የለም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዴቪስ ያን መለያየት ሲያስታውሱ ራሳቸውን እንደ ጀግና አላቀረቡም። የጌታን ታማኝነት ያውቁ ነበር፤ ሆኖም አንድ ቀን ብንመለስ እዚህ የምናገኘው ነገር ይኖር ይሆን ብለው ሰግተዋል። ይህ የማያምኑ ሰዎች ፍርሃት አይደለም። ቤታቸውንና አገራቸውን ትተው የመጡ፣ ባልንጀሮቻቸውን በሞት ያጡ ሰዎች ፍርሃት ነው። በስሌትም ከሄድን ልክ ነበሩ። እረኛ የለ፥ መጽሐፍ የለ፥ ገንዘብ የለ፥ በላዩ ላይ ጠላት ሠራዊት አለ። እኛ ብንሆን ምን እንገምት ነበር?

ያደረጉት ነገር ጳውሎስ በሚሊጢን ለኤፌሶን ሽማግሌዎች ካደረገው ጋር ይመሳሰላል (ሐዋ. 20፥32)። ጳውሎስ ከእርሱ በኋላ ተኩላዎች እንደሚገቡ ያውቅ ነበር፤ አውቆም ለእግዚአብሔርና ለጸጋው ቃል አደራ ሰጥቷቸው መርከብ ተሳፈረ። ሚስዮናውያኑም ስጋታቸውን እንደያዙ አደራ ሰጥተው ሄዱ። ስጋታቸው እስኪለቃቸው እግዚአብሔር አልጠበቀም።

የማርቆስን ወንጌል ምዕራፍ 4 እስቲ ገልጣችሁ እዩ። ከቁጥር 26 ጀምሮ፥ ዘር ዘርቶ የሚተኛና የሚነሣ ሰው ምሳሌ አለ። ዘሩ እንዴት እንደሚያድግ ገበሬው አያውቅም፤ ምድሪቱ ግን አስቀድማ ቡቃያ፣ ኋላም ዛላ ታወጣለች። ይህ ምሳሌ በማቴዎስ የለም፤ በሉቃስም በዮሐንስም የለም። በማርቆስ ብቻ ነው ያለው። ለገበሬዎቹ ለወላይታ አማኞች በእጃቸው የቀረላቸው ወንጌል ይህ ነበር! በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ጀልባዋ በማዕበል ስትናጥ ጌታ በትራስ ላይ ተኝቶ እናገኘዋለን። ደቀ መዛሙርቱ የቀሰቀሱት በእምነት አልነበረም፤ በፍርሃት ነበር። እርሱ ግን መጀመሪያ ነፋሱን ገሠጸ፤ ስለ ፍርሃታቸው የጠየቃቸው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ስንት ዓመት ሰብከን ሳናስተውለው ኖረናል።

በወላይታ የሆነው ግን ማዕበሉ ወዲያው ጸጥ ያለበት ታሪክ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ተያዙ። በኋላ ስማቸው የታወቀው ዋንዳሮ ዳባሮና ቶሮ ዱቡሾ ታስረው ከተገረፉት መካከል ናቸው። ዴቪስ 50 መሪዎች በአንድ ጊዜ እንደታሰሩ፥ እያንዳንዳቸው 100 ጅራፍ እንደተገረፉ፥ አንዱም 400 እንደደረሰበት ጽፈዋል። ለወራት በጀርባቸው መተኛት አልቻሉም። ሦስቱ ሞቱ።

እነዚህን ሦስቱን ዘለን ወደ 10,000 የምንሮጥ ከሆነ ታሪኩን አላነበብነውም። እምነት ካለን የምንፈራው አይደርስም የሚል ትምህርት ዛሬ በየመድረኩ ይሰማል፤ ለእነዚህ ቤተሰቦች ይህን የሚነግር ማን ነው? የፈሩት ደርሶባቸዋል። ሚስቶቻቸው ባል አጥተዋል። ሆኖም በጢሞቴዎስ ሁለተኛ መልእክት ጳውሎስ ታስሮ ሳለ ስለ ቃሉ አለመታሰር የጻፈው (2፥9) በሶዶ ወህኒ ቤት በዓይን ታየ።

የታየውም በምግብ ነው። በዚያ ዘመን እስረኛን የሚቀልበው መንግሥት አልነበረም፤ ዘመድ ወይም ወዳጅ ስንቅ ካላመጣለት ይራባል። ስለዚህ የታሳሪው ትልቁ ጭንቀት ጅራፉ ብቻ አልነበረም፤ ነገ ማን ያበላኛል የሚለውም ነበር። የወላይታ አማኞች ለወንድሞቻቸው ስንቅ ማመላለስ ጀመሩ። ቤተሰቡም ምእመናኑም ያመጡት ተርፎ፥ ዘመድ ያልጠየቃቸው፣ ያላመኑ እስረኞችም በሉ። እነዚህ እስረኞች ስብከት አልተሰበከላቸውም እንበል፤ ሰው ለማያውቀው ሰው ምግብ ተሸክሞ ሲመጣ ግን አይተዋል። ሲፈቱ ይህን ወሬ ይዘው ወደየመንደራቸው ሄዱ። ሌሎችም ይህን ዓይነት ፍቅር ሰምተው ምንድን ነው ብለው መጠየቅ ጀመሩ።

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ አገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላ ሚስዮናውያኑ ቀስ በቀስ ተመለሱ። ያገኟቸው አማኞች ወደ 10,000 ይገመቱ ነበር፤ ጉባኤዎቹም ወደ 100 ደርሰው ነበር። ከወላይታ የወጡ ወንጌላውያን ወደ አጎራባች ሕዝቦች እየሄዱ አብያተ ክርስቲያናትን ተከሉ። የዛሬዋ የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ሥር ካደጉት ናት።

እኛ ይህን ታሪክ መጀመሪያ የሰማነው በኮሌጅ አልነበረም። በደርግ ዘመን ልጆች ሳለን ነው። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ፥ ሌሎችም ጸሎት ቤቶች ሲታሸጉ፥ ሰዎች በየቤቱ መጋረጃ ጋርደው በለሆሳስ ይዘምሩ ነበር። ጫማ በር ላይ እንዳይከማች ወደ ውስጥ ይገባል። አንድ አዛውንት በእንደዚህ ያለ ቤት ውስጥ የወላይታን ነገር ሲያወሩ ትዝ ይለናል። ደርግ ይወድቃል አላሉንም፤ መቼ እንደሚያበቃም እንደማያውቁ ይናገሩ ነበር። ታሪኩን ተርከው ሲጨርሱ የጠየቁት ነገር ቢኖር የታሰረው ወንድም ቤት በዚያ ሳምንት ስንቅ የማድረስ ተራው የማን እንደሆነ ነበር።

ባለፈው ወር አንዲት እኅት ባሏ ከሥራ በመቀነሱ ተጨንቃ ለጸሎት መጣች። እኛም ስለ ነገዋ አጥብቀን ጸለይን፤ ከፊልጵስዩስ 4 አበረታታናት። አብረውን ሲጸልዩ የነበሩ አንዲት እናት ግን ልጅቱ ልትወጣ ስትል እጇን ያዝ አድርገው፥ «ለመሆኑ ልጄ፥ ለዛሬ ማታ ቤት ውስጥ ምን አለ?» አሏት። ዝም አለች። እኛ ይህን መጠየቅ ረስተን ነበር።